ቀይ ክር የታሰረበት የመጥረጊያ እንጨት

ስልኩ ሲጠራ ለወንድሜ ምሳውን እየቋጠርኩለት ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ዝናቡ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ሆኖታል፤ የዓመቱ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ። የደወለው የፓምፕ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ከወንድሜ ጋር አሥራ አንድ ዓመት አብሮ ሠርቷል።

«እትዬ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም። ምነው?»

«እስቲ ጎረቤት ይጥሩ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ንገረኝ።»

«ጋሼ ወደቀብን። መጨረሻው ማንሆል ጋ። ተሸክመነው ወደ ሐኪም ቤት ሮጥን… አልደረስንም፣ እትዬ።»

ከዚያ ቀጥዬ የጠየቅኩት ነገር እስካሁን ያሳፍረኛል። «ማንሆሉን ከድናችሁታል?» አልኩት። «ከድነነዋል» አለኝ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ፣ የጣሪያችን ውኃ በአሸንዳው ወርዶ ከእግሬ ሥር፣ ከወጥ ቤቱ ወለል በታች፣ እየተንዶቀዶቀ ሲያልፍ ይሰማኝ ነበር። ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ወንድሜ አጠገቡ ወደወደቀበት ማንሆል ነው የሚሄደው።

ወንድሜ የትንሿ ከተማችን የፍሳሽ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ከሱ ሌላ ተቆጣጣሪ የላትም። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት የተደፈነ መስመር በሽቦ የሚከፍት የቀን ሠራተኛ ሆኖ ገባ። እየሠራ ተማረና ደንብ የሚያስከብር ሰው ሆነ። መንገድ ላይ የማንሆል ክዳን ካየ ቆሞ በጫማው ጫፍ ነካ ሳያደርግ አያልፍም፤ ይንቃነቅ እንደሆነ ለማወቅ። ሠርግ እየሄድን እንኳ። በዚህ ምክንያት ሰፈሩ «አቶ ክዳን» አለው። ቅር አይለውም ነበር። በሥራው የሚቀልዱበትን ሁሉ ስለሚያውቀው ቀድሟቸው ይቀልዳል። አንድ ቀን ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ሱቁ በር ላይ ሆኖ፣ «አቶ ክዳን፣ ይህን ያህል ዘመን ተሹመህ ምን አፈራህ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ቢለው፣ «እኔ የተሾምኩበትን ነገር ማን ይበላዋል?» ብሎ ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ አሳቀው።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። እሱ ሚስቱ ከሞተችበት፣ እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አባታችን በሠራው ቤት አብረን እንኖር ነበር። ሥራዬ ጸሐፊነት ነበር፤ ዕድሜዬን የሌላ ሰው ደብዳቤ ስተይብ ኖርኩ። የሱ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስላልነበረው ደብዳቤዎቹንም እኔ እተይብለት ነበር። ሰኞ ሰኞ ክምሩን አቀርብለታለሁ፤ እሱ ሻዩን እየጠጣ፣ ገጹን በአውራ ጣቱ ገለጥ እያደረገ ይፈርማል። አያነብም። «አንቺ የተየብሽውን ደግሞ ምን አነባለሁ፣ እታለም» ይለኝ ነበር።

ከተማችን ተዳፋት ላይ ናት። የሁሉም ቤት ፍሳሽ በአንድ መስመር ቁልቁል ይወርድና ከታች ፓምፑ ተቀብሎ ወደ ማጣሪያው ይገፋዋል። መስመሩ የተሠራው ለቤት ፍሳሽ ብቻ ነው። ሰዎች ግን ባለፉት ዓመታት የጣሪያቸውን አሸንዳ ከዚያው ጋር አገናኙት፤ ግቢ እንዳይጨቀይ ቀላሉ ዘዴ እሱ ነው። በጋ ላይ ምንም የለም። ዝናብ ሲመጣ ግን መስመሩ ይሞላና መውጫ ሲያጣ ዝቅ ባለው ቤት በኩል ይወጣል። ዝቅ ያለው ቤት የልብስ ሰፊዋ ነው። አንድ ክፍልና አንድ መታጠቢያ ቤት፤ የምትኖረውም የምትሰፋውም እዚያው ነው። አምና ክረምት የሰው ቆሻሻ በመታጠቢያ ቤቷ ወለል ፈልቶ ወጥቶ የሙሽራ ቀሚስ አበላሸባት። የስፌት መኪናዋን አልጋ ላይ ሰቅላ፣ እሷ ወንበር ላይ ቆማ ነበር ወንድሜ የደረሰው። አልጮኸችበትም። «ጋሼ፣ የሚመጣው ዓመትስ?» ብቻ አለችው።

ይህች ጥያቄ ከዚያ በኋላ ቤታችን ገብታ ከእኛ ጋር የኖረች ያህል ነበር።

አሮጌ መጥረጊያዬን እንጨቱን ነቅሎ ወሰደው። መጨረሻው ማንሆል ውስጥ አቁሞ፣ ውኃው ምን ያህል ቢደርስ የልብስ ሰፊዋ ቤት እንደሚገባ ለክቶ፣ እዚያ ልክ ላይ እሷው የሰጠችውን ቀይ ክር አሰረበት። ከዚያም ደንቡን አረቀቀ። የከተማው ምክር ቤት አጸደቀው፤ እኔ ተየብኩት። አንቀጽ ሰባትን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «አሸንዳውን ከፍሳሽ መስመር ያገናኘ ባለቤት በሠላሳ ቀን ውስጥ ይለያል። በቂ ምክንያት ካቀረበ ጊዜው አንድ ጊዜ ብቻ ይራዘምለታል።» «አንድ ጊዜ ብቻ የሚለውን አስምሪበት» አለኝ። አሰመርኩበት።

የማን አሸንዳ እንደተገናኘ ለማወቅ ጭስ የሚነፋ ማሽን ከሌላ ከተማ ተዋሰ። ጭሱ ከማንሆል ወደ መስመሩ ይነፋል፤ ከጣሪያ አሸንዳ ላይ ቡልቅ ካለ ያ ቤት ተገናኝቷል ማለት ነው። የእኛ መንገድ ተራ ሲደርስ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያያል። ከጋጋሪው ጣሪያ ጭስ ወጣ። «የእኔ እንኳ ምድጃ ነው!» አለና ሰው ሳቀ። ከዚያ ከእኛ ጣሪያ ወጣ፤ ከሁሉም ይልቅ የእኛው ወፈረ።

«ኧረ ጉድ!» አለ ጋጋሪው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!»

ወንድሜ የቤታችንን ቁጥር በመዝገቡ ላይ ጻፈ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ያገናኘው አባታችን ነው፤ እኛ ልጆች ሳለን። ቧንቧው የሚያልፈው ኋላ በተሠራው ወጥ ቤት ሥር ነው። ለመለየት ወለሉ መፍረስ አለበት።

እንቢ ያልኩበት ምክንያት ብዙ አይደለም። ወለሉን እወደው ነበር። አባቴ በእጁ ያሸው ቀይ ሊሾ ነው፤ አርባ ዓመት በየጠዋቱ ወልውዬዋለሁ። አቧራውን፣ ድጅኖውን፣ ሰው በጫማው ሲገባና ሲወጣ አሰብኩና ሰለቸኝ። «ትንሽ ቆይ» አልኩት። አንድ ጊዜ አራዘመልኝ፤ ይህ በደንቡ ነው። ጭሱ ከወጣባቸው አርባ ቤቶች ሠላሳ አራቱ ለዩ። ስድስት ቀረን። የተራዘመልኝም ጊዜ አለቀ። ዝናብ ሊገባ አንድ ወር አይሞላም።

ያን ሰሞን ሁለተኛ የማራዘሚያ ደብዳቤ ተየብኩ። ለራሴ ቤት። ከክምሩ መሐል ከተትኩት። እሱም እንደ ልማዱ በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ ፈረመው።

የፈረማቸው ደብዳቤዎች ቅጂ መሥሪያ ቤቱ ደጅ ሰሌዳ ላይ እንደሚለጠፍ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ይለጠፋል የሚለውንም አንቀጽ የተየብኩት እኔው ነኝ። ማን ያነበዋል አልኩ።

ጋጋሪው አነበበው። በማግስቱ ማክሰኞ ወንድሜን በራችን ላይ ጠበቀው፤ እኔ ከውስጥ እሰማለሁ።

«አቶ ክዳን! እኔ ቧንቧው ላይ የተሠራውን ምድጃዬን እስካዞር ሳምንት ጨምርልኝ ብልህ ምን አልከኝ?»

«ደንቡ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አልኩህ። አሁንም እሱ ነው።»

«ለእህትህስ?»

«ለእሷም አንድ ጊዜ ነው።»

«ሁለት! ሄደህ ሰሌዳውን እይ። ማንበብ ከተሳነህ ላንብብልህ፣ ፊርማው ያንተ ነው። ለእኛ አንቀጽ ሰባት፣ ለእህት አንቀጽ ስምንት!»

ሄዶ አይቶ ተመለሰ። ወረቀቱን ነቅሎ አምጥቶታል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«እኔ ነኝ የፈረምኩት?»

«አዎ።»

«አሳየሽኝ?»

«አላሳየሁህም።»

ቁጭ አለ። የቀዘቀዘውን ሻይ እስከ አተላው ጠጣው። «ለአንድ ወለል ብለሽ፣ እታለም?» አለኝ። ተነሥቶ ለአንድ ግንበኛ ደወለ፤ ግንበኛው ሰኞ እመጣለሁ አለ።

ረቡዕ ዕለት ለምክር ቤቱ ደብዳቤ እንድተይብለት ሰጠኝ፤ ሁለተኛው ማራዘሚያ ተሽሯል፣ ጥፋቱ የፈራሚው ነው የሚል። የእኔን ነገር አላነሳም። ተይቤ ሰጠሁት። መነጽሩን አወጣ። ጣቱን ከየቃሉ ሥር እያስኬደ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«የገደፍኩት ፊደል አለ?» አልኩት።

«የለም» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ሐሙስም ሁለት አጫጭር ደብዳቤዎች ነበሩ። እነሱንም እንደዚያው አነበበ። ምሳ በላን፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። የደም ግፊት ኪኒኑን መዋጡን ጠየቅኩት፤ ውጫለሁ አለኝ። በመሐሉ ግን ሁለታችንም መስኮቱን እናያለን። ደመና ሲመጣ ይነሣል፤ ሲያልፍ ይቀመጣል። «እስከ ሰኞ ብቻ ይታገሠን» ይል ነበር፣ ለእኔ ይሁን ለሰማዩ አላውቅም። እኔም ወለሉን ስወለውል ጆሮዬን ወደ አሸንዳው አድርጌ ነበር። የወፍ እግር ቆርቆሮ ሲቧጥጥ ውኃ እየመሰለኝ ስንቴ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ዓርብ ዘነበ። መጀመሪያ ጠብታው ተሰማ፤ እሱ ጫማውን እያሰረ ነው። የመጥረጊያውን እንጨት ከበሩ ኋላ አነሣ። «ምሳህን እልክልሃለሁ» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

የፓምፕ ቤቱ ሠራተኛ እንደነገረኝ፣ ማንሆሉ አፍ ላይ ተንበርክኮ በየአምስት ደቂቃው ይለካ ነበር። ከክሩ አራት ጣት በታች፤ ሦስት ጣት። ውኃው ክሩን ሲያልፍ ለልብስ ሰፊዋ ለመንገር ብድግ አለ፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ ወደቀ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ።

ከቀብር በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። ወጥ ቤት የሚገቡት ሴቶች «ይሄ ወለል እንዴት ያምራል» ይሉኛል። ልብስ ሰፊዋ እሑድ መጣች። እጇ የበረኪና ሽታ ነበረው። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ገባብሽ?» አልኳት።

«እስከ አልጋው እግር። ጨርቁን አስቀድሜ ሰቅዬዋለሁ። እሱ ‹ሰቅለሽ ጠብቂ› ብሎኝ ነበር።»

«ሁለተኛውን ደብዳቤ እኔ ነኝ ያደረግኩት። እሱ አያውቅም።»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።» የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች። ይቅር ትለኝ እንደሆነ ጠበቅኩ። «ወለሉ መቼ ይፈርሳል?» አለችኝ።

«ነገ» አልኳት።

ዘመድ አዝማድ ተቃወመ። ሐዘን ተቀምጦ ቤት ይፈረሳል ወይ፣ ሰው ምን ይላል አሉኝ። ግንበኛው ሰኞ ጠዋት መጥቶ ደጅ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። «ሌላ ጊዜ ልምጣ፣ እትዬ?» አለ። «ወንድሜ ለዛሬ ነው የቀጠረህ፤ ግባ» አልኩት። የመጀመሪያውን ድጅኖ ሲያሳርፍ ወለሉ ድስት የተሰበረ ያህል ጮኸ። ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። ለለቀስተኛው ሻይ በግቢው ውስጥ አፈላን።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጋጋሪው ባዶ የዱቄት ጆንያ ይዞ ገባ። ቀጥታ ፍርስራሹን እየሞላ ወደ መንገድ ያወጣው ጀመር። አራተኛው ጆንያ ላይ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«የእኔን ትናንት ቆረጥኩት» አለ። «ምድጃው ሳምንት አይሠራም። ሰው ብስኩት ይብላ።»

«ተባረክ።»

«እኔ ያን ዕለት ደጃችሁ ላይ የጮህኩት…»

«እውነት ነው የተናገርከው» አልኩት። ሌላ ጆንያ አነሣ።

ማክሰኞ ማታ ላይ አሸንዳችን ወደ መንገዱ ቦይ ዞረ። ሐሙስ እንደገና ዘነበ፤ ከዓርቡ የማይተናነስ ዝናብ። ዣንጥላ ይዤ ወደ መጨረሻው ማንሆል ወረድኩ። የፓምፕ ቤቱ ሠራተኛ ክዳኑን ከፈተልኝ፤ የመጥረጊያዬን እንጨት እኔው ከተትኩት። ከልብስ ሰፊዋ መስኮት በኩል ታየናለች፤ መኪናዋ አልጋው ላይ ተሰቅሏል። አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። ውኃው ከቀዩ ክር ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። እጄን ከፍ አድርጌ ሁለት ጣት አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ መኪናዋን ግን አላወረደችም።

ዋናው ክረምት ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፤ ያኔ የሚዘንበው እንዲህ አይደለም። በወንድሜ ቦታ ሰው አልተቀጠረም። ቀሪዎቹ ባለቤቶች፣ አዲሱ ተቆጣጣሪ ይምጣና ያሳየን ይላሉ። ማስጠንቀቂያቸውን ተይቤ ጨርሻለሁ፤ እያንዳንዱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የሚፈርምበት ሰው የለም። የወጥ ቤቴ ወለል እንደተቆፈረ ነው። አራት ቤቶች አልለዩም።