ወራጅ አለ

ሄሊኮፕተር በሰፈራችን ሰማይ ላይ ባለፈ ቁጥር አባቴ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧ ይከፍታል። ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ ውሃውን እያፈሰሰ ይቆማል። ውሃ በጠፋበት ቀንም ይገባል፤ በሩን ዘግቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እናቴ በሕይወት ሳለች ምክንያቱን ስጠይቃት መልሷ አንድ ነበር፦ «አትነካኪው።»

አብራሪ እንደነበር አውቃለሁ። ሩሲያ ተምሮ መጥቶ፣ በጦርነቱ ዘመን ሰሜን ሄዶ ሄሊኮፕተር ሲያበር ቆይቶ፣ ሠራዊቱ ሲበተን ለጥቂት ወራት ታስሮ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖረ። ከዚህ ያለፈ ነገር ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ሌላው ጠባዩ ታክሲ አለመሳፈሩ ነው። ከልደታ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ልደታ በእግሩ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ለጤናው ይመስለው ነበር። እኔም እንደዚያው።

እኔ የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ። ትዳሬ ፈርሶ አባቴ ወዳለበት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው ቤታችን ስመለስ፣ ለሥራ የገዛሁትን ትልቅ ኮምፒውተር ይዤ ነው የመጣሁት። ቅዳሜና እሁድ አልገፋ ሲለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የበረራ ሲሙሌተር ጫነልኝ። ጨዋታ ይባል እንጂ ተራራው፣ ነፋሱ፣ የሞተሩ ሙቀት ሳይቀር እንደ እውነተኛው ነው የተሠራው። በትንሽ አውሮፕላን ጀመርኩና ወደድኩት። አንድ ቀን ታዲያ፣ ለፕሮግራሙ ለብቻው የሚጫን የሄሊኮፕተር ሞዴል እንዳለ አየሁ። ሩሲያ ሠራሽ፣ ሆዱ ሰፊ፣ አፍንጫው መስታወት ብቻ። አባቴ ከአልበሙ መጨረሻ፣ ከሌላ ፎቶ ሥር ሸጉጦ ባስቀመጠው ፎቶ ላይ ከጀርባው የቆመው ይኼው ሄሊኮፕተር ነው።

ለጨዋታ ነው ብዬ ጫንኩት። ለራሴ መዋሸቴ ነበር። አባቴ ያልነገረኝን እሱ ከተቀመጠበት ወንበር ላይ ሆኜ ላየው ፈልጌ ነው።

ሄሊኮፕተር በእጅ ብቻ አይበርም፤ ሁለት ፔዳል ይፈልጋል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለ አንድ በያጅ ዘንድ ሄጄ በወረቀት የነደፍኩትን አሳየሁት። አገላብጦ አየና «ለስፌት መኪና ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከቆርቆሮና ከበር ስፕሪንግ ሠርቶ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ሰጠኝ።

አንድ ወር ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ ተለማመድኩ፤ አባቴ እንዳይሰማ። አንድ ወር ሙሉ ተከሰከስኩ። ማንሻውን ሳብ ሳደርገው ጎማው መሬት ይለቃል፣ ወዲያው ይሽከረከራል፣ ይጋደማል፣ አለቀ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አስተማሪ «ሲነሳ ግራ እግር» ይላል፤ ግራውን በረገጥኩ መጠን ይብስበታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ከወንበሩ እግር ጋር ተጠላልፎ ተነቀለ። የሞተሩ ድምፅ በስፒከሩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ለማጥፋት ስጣደፍ ዞር ብል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። መታጠቢያ ቤት አልገባም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ፣ አንድ እጁ የበሩ ፍሬም ላይ ነበር።

«ቀኝ እግር ነው» አለ።

«አቤት?»

«የአሜሪካኖቹ ግራ ነው። ይኼኛው ላዩ ላይ ያለው ማራገቢያ የሚዞረው በተቃራኒው ነው። ቀኝ እግር።»

ይህን ብሎ ሄደ። ቀኙን ረገጥኩ። ሄሊኮፕተሩ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ እንደ ሰካራም እየተወዛወዘም ቢሆን፣ ቆመ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የምግብ ጠረጴዛውን አንድ ወንበር ይዞ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። በቀጣዮቹ ሳምንታት አስተማረኝ። ማንሻውን «ሻግ-ጋዝ» ይለዋል፣ በሩሲያኛ። መሪውን ጨምድጄ ስይዝ «በሁለት ጣት! እርሳስ ነው የያዝሽው፣ መዶሻ አይደለም» ይለኛል። ትንፋሼን ስይዝ ያውቃል፤ «ተንፍሺ» ይላል። ራሱ ግን መሪውን አንድ ቀን አልነካም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ እኔ ስሳሳት የእሱ ጣቶች ጭኑ ላይ ያስተካክላሉ። ከደብረ ዘይት ተነስቼ ሐይቁን ዞሬ ያለ ስህተት ያረፍኩ ቀን ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። እንደዚህ ዓይነት አባት እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ ምነው ቀድሜ በጀመርኩት አልኩ።

አንድ እሁድ «ሰሜን መሄድ ትችያለሽ?» አለኝ።

የቦታውን ስም አልነገረኝም። ወንዙን አሳየኝ፤ ወንዙ ክንዱን የሚያጥፍበትን፣ ከእጥፋቱ ወደ ቀኝ ሦስተኛውን አምባ። «ከላይ ሜዳ አለ፤ የአውድማ ሜዳ። ከሜዳው ጫፍ ገደል ነው።» ሄድኩ። ሜዳው እውነትም ነበር፤ በሲሙሌተሩ ውስጥ ግን ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ቡናማ መሬት ብቻ። አረፍኩ።

«ሞተሩን አታጥፊ» አለ። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ የግራውን መስኮት ተመለከተ። ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ስንት ናቸው?» አለኝ።

ከስክሪኑ ወደ እሱ ዞርኩ። «አባዬ፣ ማንም የለም እኮ።»

«አዎ» አለ። «የለም።»

ያን ቀን ነገረኝ። ድምፁን ሳይቀይር፣ መንገድ እንደሚያመለክት ሰው።

ቁስለኛ ሊያነሳ ነበር የመጣው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለት ሰው ተሳፈረ። ማንሻውን ሲስበው ጎማው ከመሬት አንድ ስንዝር ለቀቀና ቀዩ መብራት በራ፤ መልሶ ቁጭ አለ። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ሙቀት ከአሥራ አምስት በላይ አያነሳም። ከገደሉ ማዶ ተኩሱ እየቀረበ ነበር። ረዳቱን መሪው ላይ ትቶ ወደ ኋላ ሄደና ራሱ መረጠ።

«ስድስቱን እኔ አወረድኩ። ሁለቱ መሄድ አይችሉም፤ ተሸክሜ ነው ያወረድኳቸው። አንዱ ጫማዬን ይዞ ነበር። ሰባተኛው ማንም ሳይነካው ‹እኔ ልውረድ› ብሎ ተነሳ። እጁ ነው የተመታው። እመለሳለሁ አልኳቸው። መቀመጫዬ ላይ ስወጣ ያ ልጅ በመስኮቴ በኩል መጥቶ ቆርቆሮውን በመዳፉ ሁለቴ መታው። ሂድ ማለቱ ነው። ሄድኩ።»

«ተመለስክ?»

«ነዳጅ ሞልቼ ስነሳ ደመናው ተዘጋ። በማግስቱ ቦታው ተይዟል ተባለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም። ሞቱ ያለኝ የለም። ተረፉ ያለኝም የለም።»

በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ተሳፈርኩ። ትንሽ እንደሄድን አንድ ሴትዮ ከኋላ «ወራጅ አለ!» አሉ። ታክሲው ቆመ፤ እሳቸው ወረዱ። ረዳቱ በሩን እየዘጋ የታክሲውን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታው፤ ጧ፣ ጧ። ታክሲው ተነሳ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ የሰማሁት ድምፅ ነው። ሴትዮዋ ጠርዙ ላይ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲቀሩ በመስታወት አየኋቸውና ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ ወረድኩ። የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። አባቴ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ለምን እንደሚራመድ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ያችን አምባ ብቻ ሆነ የሚፈልገው። እዚያ አርፈን፣ ሞተሩ እየሠራ፣ እሱ በግራው መስኮት እያየ እንቆያለን፤ ነዳጁ እስኪያልቅ። አንዳንዴ እኔም አያለሁ። ጥላ ያለፈ ይመስለኛል፤ የደመና ጥላ ነው። ቢሮ ተቀምጬ የደረጃ ንድፍ እየሠራሁ ሃያ ሁለት መቀመጫ ስቆጥር ራሴን አገኘሁት። በዚህ ዓይነት ሁለታችንም አንተርፍም ብዬ አንድ እሁድ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል አልኩት።

«አልተበላሸም» አለ። አልተቆጣም። «ፈርተሽ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ክብደት መጫን ይቻላል?»

ይቻላል። በሲሙሌተሩ ስንት ሰው፣ ስንት ሊትር ነዳጅ፣ የአየሩ ሙቀት ስንት እንደሆነ ሁሉ መሙላት ይቻላል። አባቴ አንዱንም ሳይሳሳት እያከታተለ ነገረኝ፤ ነዳጁን፣ ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ፣ የቀኑን ሰዓት። ሰው ስንት ልበል ስለው «ሃያ ሁለት» አለ። ሞልቼ ስጨርስ «ተነሺ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አውልቆ በካልሲ እግሩ የበያጁን ሰማያዊ ፔዳሎች ፈልጎ አገኛቸው።

ቀጥታ ወደ ላይ አልሞከረም። ሄሊኮፕተሩን ወደ ኋላ እየገፋ ሜዳው ጥግ ድረስ ወሰደው፤ ከዚያ በጎማው አንደርድሮ ወደ ገደሉ ለቀቀው። ገደሉ ጫፍ ላይ አፍንጫው ተደፋ፤ ድንጋዩ ወደ መስታወቱ መጣ። ስክሪኑ ጠቆረ።

«እንደገና።»

በሁለተኛው ጅራቱ የገደሉን ጠርዝ ነካ። ጠቆረ። ግንባሩ ላብ አውጥቶ ነበር። ይበቃል ልለው ስል እጁ ላይ ያየሁት ነገር አስቆመኝ፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። ቁርስ ላይ ሻይ ሲያነሳ የሚንቀጠቀጠው ያ እጅ።

በሦስተኛው ሄሊኮፕተሩ ጫፉን አልፎ ወደቀ፤ ወደቀ፤ ቀዩ መብራት በራ፤ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ የወንዙ ጠጠር እስኪታየኝ ወረደ። ከዚያ ከሥር የሆነ ነገር የያዘው መሰለና ቀጥ አለ። ወንዙን ተከትሎ በረረ። ሃያ ሁለት ሰው ይዞ።

አባቴ ወንዙ ክንዱን እስከሚያጥፍበት ድረስ አበረረው። ከዚያ እጁን ለቀቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ሄሊኮፕተሩ ብቻውን ተጋድሞ ተከሰከሰ።

«ከሦስት አንዴ» አለ።

ከጎኑ ተንበረከክሁ። «አባዬ፣ ሁለቱን ጊዜ እኮ ሃያ ሁለቱም አለቁ። አንተም አለቅህ። እኔም አልወለድም ነበር። ያኔ ሦስት ጊዜ መሞከር አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነበረህ።»

«አውቃለሁ» አለ። «አንድ ጊዜ ነው። እኔ ግን አንዱንም አልሞከርኩትም።»

ወንበሩን ወደ ምግብ ጠረጴዛው መለሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሌ ገብቶ ተቀምጦ አያውቅም። እኔም ሞዴሉን አጠፋሁት። ከማጥፋቴ በፊት ግን አንዴ ብቻዬን ሄጄ፣ ሜዳው ላይ አርፌ፣ በግራው መስኮት ማንም የለም ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ለማን እንደተናገርኩ አላውቅም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አባቴ ልደታ ቤተ ክርስቲያን እንድሸኘው ጠየቀኝ። ቅዳሴ አብቅቶ ሰው ተበትኗል። አንድ ካህን ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ተሳለመና «አባ፣ ለሰባት ሰው ጸሎት ፈልጌ ነበር» አላቸው።

«መልካም። የክርስትና ስማቸውን ይንገሩኝ።»

«አላውቀውም። የዓለም ስማቸውንም አላውቅ። ሁሉም ክርስቲያን ይሁኑ አይሁኑም አላውቅ።»

ካህኑ ቀና ብለው አዩት። «ከሞቱ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

«ሞተው እንደሆነም አላውቅም፣ አባ። እኔ ነኝ ትቻቸው የመጣሁት።»

«እንግዲህ ለሞቱትም ለሕያዋኑም እናድርገው። ሰባት ብለን እንጠራቸዋለን፤ ስሙን የሚያውቅ ያውቃል» አሉት። አባቴ እየደጋገመ እጅ ነሣ። ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰም።

በመንገዳችን ክንዴን ያዘ። የባቡሩን ሐዲድ ተሻግረን ወደ ሕንፃዎቹ ስንቃረብ ድንገት ቆም አለ።

«ለዚያ ልጅ ኮዳዬን ሰጥቼዋለሁ» አለኝ። «በመስኮት አቀበልኩት።»

ይህን ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም። «ውሃ ነበረው?» አልኩት።

ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣን፤ በየፎቁ ትንፋሽ እየወሰደ። በራችን ላይ ደርሰን ቁልፉን ሳወጣ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ወለሉን እያየ፣

«አላስታውስም» አለ።