የሚስቴ ሚዶ እና ፀጉራሙ ውሻ

ባለፈው ሳምንት ለቡ፣ ልጄ ቤት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ አንድ ጎረቤታችን ጎልማሳ ውሻውን እየጎተተ መጣ። ውሻው ፀጉራም ነው፣ ዓይኑ እንኳ በደንብ አይታይም። ሰውዬው በእጁ ጣት የምታክል የፕላስቲክ ብልቃጥ ይዟል። «አባባ፣ እስቲ አንዴ ይያዙልኝ። የመዥገር መድኃኒት ላደርግለት ነው» አለኝ። ያዝኩለት። የብልቃጧን ጫፍ ቆርጦ እዚያ ጥቅጥቅ ያለው የጀርባ ፀጉር ላይ ሊያንጠባጥብ ሲል እጁን ያዝኩት። ማጅራቱ ላይ ያለውን ፀጉር በሁለት እጄ ከፈልኩና ቆዳው ነጭ መስመር ሆኖ ሲታይ፣ «እዚህ ነው፣ ምላሱ የማይደርስበት» አልኩት።

«የከብት ሐኪም ነበሩ እንዴ?» አለኝ።

አትክልተኛ ነበርኩ። ፀጉር አከፋፈሉን ያስተማረችኝ ሚስቴ ናት። እሷ ደግሞ ውሻ ቤቷ እንዲገባ የማትፈልግ ሴት ነበረች።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ከብስራተ ገብርኤል ወረድ ብሎ ባለ አንድ ቪላ ውስጥ አበባ እተክል፣ ሣር አጭድ ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ባልና ሚስት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ጊዜው ሲከፋ ዕቃቸውን በሦስት ቀን ጠቅልለው ሄዱ። ሴትየዋ ልትሄድ ስትል የውሻውን ማሰሪያ እጄ ላይ አስቀመጠችና አለቀሰች። እኔም ምን እንደምላት ጨንቆኝ «እሺ» አልኩ። እንግዲህ በዚያች «እሺ» ነው ውሻው የእኔ የሆነው። ቤቱ ወደ መንግሥት ዞሮ ሌላ ሰው ገባበት፤ እኔን ከነመቀሴ ተቀበለኝ፣ ውሻውን ግን አልፈልግም አለ።

ወደ ላፍቶ ይዤው ገባሁ። ቤታችን አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነበር፣ ፊት ለፊቱ ትንሽ ግቢ አለችው። ውሻው ወርቅማ ነው፣ ጅራቱን ጀርባው ላይ ጠቅልሎ የሚሄድ፣ አንገቱ ላይ እንደ አንበሳ ጎፈር ያለው። መንደሩ ወጥቶ አየው። «በዓል ሳይደርስ በግ ገዛህ?» ያሉኝ አሉ።

ሚስቴ የሹሩባ ሠሪ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶቹ ይመጣሉ፣ እሷ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ባለተራዋ ከፊቷ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ጉልበቷ መሐል ትሰጣታለች። በሚዶ መስመር እያወጣች፣ ወሬ እየሰማች ስትጎነጉን ትውላለች። እጇ ፈጣን ነበር። ውሻውን አልከለከለችኝም፣ «ከደጃፍ እንዳያልፍ ብቻ» አለችኝ።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ሣሩ ወገብ ድረስ ነበር። ያኔ ላፍቶ ማለት መስክ ነው፣ ከብት የሚሰማራበት። ውሻው እዚያ ሲንከባለል ይውልና መዥገር ተሸክሞ ይመጣል። በእጄ እየነቀልኩ ነጭ ጋዝ ያለበት ጣሳ ውስጥ እጨምራለሁ። ግን ያ ፀጉር ሁለት ድርብ ነው፣ ላዩ ረዥም፣ ሥሩ እንደ ጥጥ። አሥር ስነቅል ሃያው ሥር ተደብቆ ይቀራል።

አንድ ቀን ጠዋት ሚስቴ ሴት ልጃችንን ስታበጥር ከጆሮዋ ኋላ አንዲት መዥገር አገኘች። አልጮኸችም። ነቅላ መዳፏ ላይ አደረገችና አሳየችኝ።

«ይቺን ታያታለህ?»

«አየኋት።»

«ነገ ደግሞ አንዷ ሴት ከእኔ ቤት መዥገር ይዛ ብትሄድ ማን ራሱን ይሰጠኛል? የዚህ ወር ገብርኤል ይለፍ። ከገብርኤል በኋላ አንዲት መዥገር ካየሁ ውሻው ይወጣል።»

«ወዴት?»

«ውጭ ነዋ!»

ውጭ ማለት ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያን ጊዜ ባለቤት የሌለው ውሻ በየመንገዱ መርዝ ያለበት ሥጋ ይጣልለት ነበር። የእኔ ውሻ ደግሞ ከሰው እጅ የማይቀበለው ነገር የለም። አንድ ቀንም አያድርም።

ለገብርኤል ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። እንግዲህ መካሪው በዛ። አንዱ ነጭ ጋዝ ቀባው አለኝ። አንዱ የወባ ሰዎች የሚረጩትን ዲዲቲ አመጣልሃለሁ አለ። እኔ ራሴ የአጥር መቀሴን ስዬ እንደ በግ ልሸልተው ተነሣሁ። ሚስቴ አየችኝና «በዚህ በጥቅምት ብርድ? አንተ ካፖርትህን አውልቀህ ደጅ ታድራለህ?» አለችኝ። መቀሱን አስቀመጥኩ።

ከለቡ በኩል ወተት የሚያመጡልን አንዲት እናት ነበሩ። ችግሬን ነገርኳቸውና በማግሥቱ በአረቄ ጠርሙስ የከብት መድኃኒት ይዘውልኝ መጡ። ወተት የሚመስል ነገር ነው፣ ሽታው አፍንጫ ይበሳል።

«እማማ፣ ስንት ላድርግ?»

«ለላም በባልዲ ውኃ በዚህች ቆርኪ ሦስት ነው። የአንተ ደግሞ ጥጃ ያክላል፣ ሁለት ይበቃዋል ልጄ።»

ሁለት ነው ያሉኝ። እኔ ግን ፀጉሩን አየሁና ሦስት አደረግሁ። ውኃውንም ቀነስኩ፣ እንዲጠነክር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሳቸው አይደለም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ጀርባው ላይ አፈሰስኩለት። መድኃኒቱ ፀጉሩ ላይ እንደ ጤዛ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ቆዳው ጋር የደረሰ አይመስለኝም። ውሻው ዞር ብሎ ሄደና ፀሐይ ላይ ተኝቶ ራሱን ይልስ ጀመር። እኔም ንጹሕ እየሆነ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ብዙም አልቆየ፣ ለሃጩ ይዝረበረብ ጀመር። ሊነሣ ሲል የኋላ እግሮቹ ተንቀጠቀጡና ወደቀ።

«ሞተብኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሚስቴ የአንዷን ሴት ራስ ግማሹን ሠርታ ግማሹ ቆሞ ነበር። እንደዚያው ትታት ተነሣች። ወደ ቤት ገባችና ሳሙና ይዛ ወጣች። ያኔ ሳሙና ማለት ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ የሚገኝ፣ ለልጅ ልብስ ብቻ ተብሎ ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍበት ነው። «ውኃ አምጣ! ምን ቆመህ ታያለህ?» አለችኝ። በባልዲ አመላለስኩ። እሷ ተንበርክካ ያንን ሳሙና እስኪያልቅ ፈተገችው፣ አፉን በጨርቅ ጠረገችለት፣ ደግማ አጠበችው። በመጨረሻ ውኃውን ስናፈስበት ያ ሁሉ ጎፈር ሰውነቱ ላይ ተለጠፈ። ቀጭን እግር፣ ቀጭን አንገት፣ የጎድን አጥንት።

ግማሽ ራሷ የተጎነጎነው ሴት ብቅ ብላ፣ «ውይ! ውሻው የታል?» አለች።

እያለቀስን ሳቅን። ማታ ላይ ራሱን ቀና አድርጎ ውኃ ጠጣ። ተረፈ። መዥገሮቹም ከፀጉሩ ሥር እንዳሉ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ጠርሙሱን ይዤ፣ ውሻውን እየመራሁ ወደ ከብት ሕክምናው ጣቢያ ሄድኩ። ካኪ የለበሰ፣ ድምፁ ጎርነን ያለ ረዳት ሐኪም አገኘሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ጠርሙሱን አሸተተ።

«ጽሑፉስ?»

«የለውም፣ የአረቄ ጠርሙስ ነው።»

«አረቄውን ብታጠጣው ይሻለው ነበር» አለና ውሻውን መዳሰስ ጀመረ። «ወንድሜ፣ አንተ ካፖርቱን ነው ያከምከው፣ ውሻውን አላገኘኸውም። ስንት ኪሎ ነው?»

«ሠላሳ ይሆናል።»

«ይሆናል ብሎ መድኃኒት የለም። ሄደህ አስመዝነው።»

የት ነው ውሻ የሚመዘነው? ያየሁት ሚዛን የወፍጮ ቤቱን ብቻ ነው። እዚያ ስደርስ ሴቶቹ ጆንያቸውን ደርድረው ተሰልፈዋል። ወፍጮ ቤቱን የሚይዘው ሰው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ውሻ ነው። ኪሎውን ፈልጌ ነው።»

«ጋሼ፣ እዚህ የሚወጣው እህል ነው!»

ከሰልፉ አንዷ፣ «ገብስ ነው ስንዴ?» አለች።

«ኧረ ገለባ ነው፣ መጀመሪያ ይበጠር!» አለች ሌላዋ።

«ተራህን ጠብቅ በሉት፣ ውሻም ቢሆን ሰልፍ ነው!»

ሰልፉን ጠበቅሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ተራዬ ሲደርስ ሰውዬው ራሱ ሳቀና «ታቅፈኸው ውጣ» አለኝ። ታቅፌው ወጣሁ፣ ሰባ አንድ። አስቀምጬው ብቻዬን ወጣሁ፣ ሃምሳ ሰባት። መሠረተ ትምህርት ገብቼ መቀነስ የተማርኩት በዚያው ዓመት ነው። መሬት ላይ በእንጨት ጻፍኩና ቀነስኩ። ዐሥራ አራት ኪሎ! ሠላሳ ያልኩት ውሻ ዐሥራ አራት ኪሎ ብቻ ነው፣ ሌላው ፀጉር ነው።

ተመልሼ ስነግረው ረዳት ሐኪሙ አልሳቀብኝም። ስለ ነጭ ጋዝ ጠየቅሁት፣ ቆዳውን ያቃጥላል አለ። ስለ ዲዲቲ ጠየቅሁት፣ የሚልስ እንስሳና የሚድኽ ልጅ ባለበት አታስበው አለ። ከዚያ አንድ ቆርቆሮ አወረደ፣ ላዩ ላይ የውሻ ሥዕል አለበት። ውስጡ ዱቄት ነው። «ከአበባ ነው የሚሠራው» አለኝ። ምን ዓይነት አበባ ስለው ነጭ፣ መሐሉ ቢጫ ነው አለኝ። እኔ እንግዲህ ያንን የመሰለ አበባ በቪላው አጥር ሥር ስንት ዓመት ተክያለሁ። ልቤ ያን ጊዜ አረፈ።

በዐሥራ አራት ኪሎ ልክ ለክቶ በወረቀት ጠቀለለልኝ። ቆርቆሮው ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ስለሆነ ሌላ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፈልኝና «አንብብልኝ» አለኝ። ቆሜ እንደ ተማሪ አነበብኩ። «ቆዳ ላይ። ከማጅራት ጀምሮ በጀርባ። ዓይን አይንካ። አፍ አይንካ። እርጥብ ፀጉር ላይ አይደረግ። ልጅ በዕለቱ አይንካው። ለድመት ሳይጠየቅ አይደረግ።» ዱቄቱ ብቻውን አይበቃም፣ የታየህን መዥገር በእጅህ ንቀል ብሎም በቃሉ ጨመረልኝ።

ቤት ስደርስ ልጅቷን ጎረቤት ሰደድን። ውሻውን አስሬ ዱቄቱን በተንኩበት። ፀጉሩ አናት ላይ ተቀመጠ። ውሻው አስነጠሰ፣ እኔም አስነጠስኩ፣ ግማሹን ነፋስ ወሰደው። ሚስቴ በር ላይ ሆና ታይ ነበር።

«ወዲያ በል አንተ ሰውዬ! ይሄ እጅ ጽጌረዳ ይከርክም» አለችኝ።

በርጩማዋን አወጣች። ሚዶዋን አወጣች። ውሻውን እንደ ደንበኞቿ ጀርባውን አዙራ ጉልበቶቿ መሐል አስቀመጠችው። «አንገትህን ድፋ» አለችው። ደፋ! ከማጅራቱ ጀምራ በሚዶው ጫፍ አንድ መስመር ከፈለች፣ ቆዳው ወለል ብሎ ታየ። እኔ በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ዱቄቱን ቆዳው ላይ አደረግሁ፣ እሷ ፀጉሩን መለሰችበት። ከዚያ አጠገቡ ሌላ መስመር። መዥገር ስታገኝ ነቅላ ለእኔ ትሰጠኛለች፣ እኔ ጣሳው ውስጥ እጨምራለሁ። ጀርባውን ሁሉ እንደ ሹሩባ መስመር በመስመር ሄደችበት። መሐል ላይ ወሬ ጀመረችለት፣ ለሴቶቹ የምታወራውን ዓይነት። ስኳር መጣ መባሉን፣ ቀበሌ ስብሰባ ቀሪ እንደሚቀጣ። ውሻውም ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል።

ስትጨርስ እጇን ታጠበች። ያንን ሚዶ ለብቻው ሰቀለችና ለሴቶቹ ሌላ ገዛች። ወሬው ግን ወጥቶ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዷ ስትቀመጥ «ከእኔ በፊት ተረኛው ማን ነበር?» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው።

የገብርኤል ዕለት ሚስቴ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ልትስም ሄደች። እኔ ውሻውን አጠገቤ አስቀምጬ በር ላይ ጠበቅኋት። ስትመለስ ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠችና ልጅቷን ጠራች፣ ከጆሮዋ ኋላ ፈለገች፣ አንገቷን አየች። ምንም የለም። መደቡ ላይ ያለውን አንሶላ ገለጠች። ምንም የለም። ወደ ውሻው ዞረች። ጀርባውን ከፈተች፣ አንገቱን ከፈተች። ከዚያ የፊት እግሩን አነሣችና ብብቱ ሥር ጣቷ ቆመ።

አንዲት መዥገር ነበረች።

ነቅላ መዳፏ ላይ አደረገቻት፣ ልክ ያን ጊዜ እንዳደረገችው። ውሻው ጅራቱን እያወዛወዘ ፊቷን ያያል። መዥገሯን በጥፍሯ ገለበጠቻት፣ ደግማ ገለበጠቻት።

«ሞታለች» አለች።

«አዎ?»

«እኔ ያልኩት በሕይወት ያለች መዥገር ነው።»

እንደዚያ አላለችም ነበር። ምን እንዳለች እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ጣሳውን አቀረብኩላት።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ የመጨረሻዋ ሴት ተነሥታ ስትሄድ፣ ውሻው ሳይጠራ ከደጅ ይመጣና በርጩማዋ ሥር ቁጭ ብሎ አንገቱን ይደፋላት ነበር። ለብዙ ዓመት እንዲህ ሆኖ ኖረ፣ አርጅቶ ነው የሞተው። ሚስቴም አሁን የለችም። ሚዶው እኔ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ጥርሶቹ ሥር ወርቅማ ፀጉር አለበት። ልጄ ቤቱን ስታጸዳ «ይኼን እንኳ ላጥበው» ስትል እኔ እምቢ እላታለሁ።