በሶ የበላች መኪና

ባለፈው ሳምንት ቁራሌው መጣ። ጓሮ የቆመችውን መኪና ዞሮ ዞሮ አየና የራዲያተሯን ክዳን ፈታ። ጣቱን ሰድዶ ውስጡን ጫር አደረገው። በጥፍሩ ግራጫ ቅርፊት ወጣ፤ ድስት ቂጥ ላይ የደረቀ ሊጥ ይመስላል። "አባባ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ዝገት ነው የሚሸተው። ከዝገቱ ስር ግን የተቆላ ገብስ አለ። ይሄን ሁሉ ዘመን ሽታ ይቆያል ወይ ብትለኝ አይቆይም እልሃለሁ። ግን ሸተተኝ፤ ምን ልሁን።

መኪናዋ የአጎቴ ነበረች። አጎቴ በጃንሆይ ጊዜ ላሊበላ ላይ የፈረንጅ አስጎብኚ ነበር። አንድ ባልና ሚስት ከአገራቸው በየብስ እየነዱ መጡባት። ስታያት መኪና፣ ስትገባባት ቤት ናት። የሚታጠፍ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ አበባ ያለበት መጋረጃ፣ ሁሉ አላት። አብዮቱ ሲመጣ ፈረንጆቹ በአይሮፕላን ሄዱ፤ እስክንመለስ ጠብቅልን ብለው ቁልፏን ለአጎቴ ሰጡት። አልተመለሱም። ሌላም ፈረንጅ አልመጣም። አጎቴ አደራ ነው ብሎ ሳይነካት ብዙ ከረመ። በኋላ በአንድ ክረምት የጭቃ ቤቱ ሲናድበት፣ ሚስቱን ይዞ ገባባት። ልጃቸውም እዚያው ተወለደች።

ሰፈሩ ስቆበታል። አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ ባለፉ ቁጥር ቆም ይሉና፣ "አስራ አንዱን ንጉሡ ከአለት ፈለፈለ፤ አስራ ሁለተኛዋን አንተ ከቆርቆሮ ጨመርክ። ታቦቷ ማን ይባላል?" ይሉታል። አጎቴም ኮፍያውን አንስቶ፣ "ራዲያተሯ ነው አባቴ። እሱ ከተቆጣ ቅዳሴው ይቆማል" ይላቸው ነበር።

እኔ ያኔ ደሴ ጋራዥ ቆይቼ የተመለስኩ ጎልማሳ ነኝ፤ እሷን ማኖር የኔ ሥራ ሆነ። በደርግ ጊዜ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ጣራዋ ክረምት ክረምት ያንጠባጥባል፤ ሰምና ቅጥራን አቅልጬ ስፌቷን እደፍናለሁ። በጋ ሲሆን ፀሐይ ያቀልጠዋል፤ ደግሞ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። የውስጥ እንጨቷ በሰበሰ፤ በጥድ ተካሁት። ያን ሰሞን ውስጧ ቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ ይሸት ነበር። ማራገቢያዋን የሚያዞረው ቺንጋ ሲበጠስ ከበሬ ቆዳ ጠፍር ቆርጬ አሰርኩላት፤ ሲግል እንደታመመ ሰው ያቃስታል። ጎማዋ ሲያልቅ ጭድ ጠቀጠቅንበት። ቤንዚን የሚገኘው በጠብታ ስለሆነ ከቆመችበት አትንቀሳቀስም፤ እኔ ግን ሞተሯ ዝጎ እንዳይነክስ ቅዳሜ ቅዳሜ አስነስቼ አስጮኻታለሁ።

ራዲያተር ሲያፈስ ደግሞ በዚያ ዘመን መንገድ ላይ የኖረ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው መላ ነበር። በሶ። የላመ የገብስ በሶ በሙቅ ውሃ በጥብጠህ ታፈስበታለህ። እዚያው እየበሰለ ይወፍርና ቀዳዳውን ራሱ ፈልጎ ይደፍነዋል። የዛሬ መካኒኮች ይሄን ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። ይሠራል።

ሰባ ሰባት መጣ። ስለዚያ ዓመት ብዙ አላወራም። ውሻ መጮኽ የተወበት ዓመት ነው።

የአጎቴ ልጅ ታመመች። የወተት ጥርሷ ገና አልተነቀለም ነበር። ትኩሳት ያዛት፣ ሆዷ አልቆም አለ፣ ዓይኗ እየጎደጎደ ሄደ። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የለም፤ ወልድያ ሆስፒታል አድርሷት አሉን። አጎቴ ለክፉ ቀን ብሎ የቀበረውን የቤንዚን ጀሪካን ቆፍሮ አወጣ። ሚስቱ ቤት የቀረችውን በሶ ጠርጋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። የቀረችው ያቺው ነበረች። በውሃ እያቀጠነች በጣቷ ልጅቷን ልታልሳት ነው፤ ሌላ ነገር ሆዷ አይቀበልም።

ልጅቷን በአልጋዋ ላይ አስተኝተናት ተነሳን። ከተወለደች ጀምሮ መኪናዋ ስትሄድ አይታ አታውቅም። መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ፣ "እማ፣ ቤታችን እየሄደ ነው" አለች። ሳቀች። ሳቋን ሰማሁት፤ መሪውን ይዤ ነበር።

ወደ ጋሸና የሚያወጣውን ዳገት አጋምሰን ሳለን እንፋሎት ፊቴን ሸፈነው። ወርጄ አየሁ። ራዲያተሯ ከስሯ ተሰንጥቃ ውሃው እንደ እንባ ይወርዳል። ውሃ ይዘናል፤ ውሃ ብቻውን ግን ምን ይሠራል፣ እንደገባ ይወጣል። በመንገዱ ዳር ሰው ነበር፤ እህል ይታደላል ወደተባለበት የሚሄድ ሰው። መሄድ ያቃተው ተቀምጦ ያየናል።

አጎቴ መላውን ያውቃል። ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ከጎማው ጋር አወራ። "ወልድያ ከደረስን እዚያ ያበሏታል" አለ።

እሷ እኔን አየችኝ። "ካልተደፈነ አንደርስም?"

"አንደርስም እትዬ" አልኳት።

ቋጠሮውን ፈታች። ልጅቷ ከአልጋዋ ሆና ታያለች። "መኪናዋም ርቧታል?" አለች።

"አዎ እናቴ። ርቧታል።"

"ለኔም አስተርፉልኝ።"

እናቷ በጣቷ ጫፍ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አኖረችላት። የቀረውን በጣሳ በጥብጬ በራዲያተሯ አፍ አፈሰስኩት። በመንገድ ዳር ከተቀመጡት አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አንድ ሽማግሌ፣ "እግዜር ያያል" አሉ። እርግማን ይሁን እዝነት እስካሁን አላውቅም።

ደፈነ። ጠብታው ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። ነዳሁ። ሞተሩ ሲግል በሶው ውስጡ መብሰል ጀመረ፤ ሽታው ከፊት እየገባ መኪናዋን ሞላት። ሁላችንም ጾማችንን ነን። አፋችን ውሃ ሞላ፤ አንዳችን አንዳችንን አላየንም።

ልጅቷ ነቃች። "እማ፣ ገንፎ ነው?"

"አዎ።"

"ቅቤ አለው?"

"አለው እናቴ። ትንሽ ይብረድ፣ ትበያለሽ።"

እሺ አለች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም።

ጋሸና ሜዳው ላይ ወጣን። ነፋሱ ይጮኻል። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ የአጎቴ ሚስት መጋረጃውን ስትዘጋ አየኋት፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። አጎቴ ከጎኔ ሆኖ "ንዳ" አለኝ። ነዳሁ። ጥቂት እንደሄድን ከኋላ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ለቅሶ የለውም።

"አዙራት" አለች። "ቤቷ ውስጥ ናት። ወዴት ነው የምትወስዷት?"

አዞርኳት።

ራዲያተሯ ከዚያ በኋላ ጠብታ አላፈሰሰችም። ልጅቷን ልንቀብር ስንመለስም አላፈሰሰችም፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳስነሳትም አላፈሰሰችም። አጎቴ ግን ሁለተኛ አልተኛባትም፤ ዘመድ ቤት ተጠጉ። ሚስቱ ቆይታ ወንድ ልጅ ወለደች። የሰፈር ሴቶች የአራስ ገንፎ ሊያገነፉላት ድስት ይዘው ቢመጡ ከደጅ መለሰቻቸው። ምክንያቱን አልነገረቻቸውም። እኔ ገብቶኛል።

አጎቴ ካረፈ ቆየ። ሚስቱ አሁን እኔ ዘንድ ናት፤ ዓይኗ ደክሟል። ቁራሌው ሲጮኽ ሰምታ ዱላዋን ይዛ ወጣች። ሰውዬው የመኪናዋን ላሜራ እየመታ ስንት ኪሎ እንደሚወጣው ይገምታል። ተጠጋች። የመኪናዋን ግንባር፣ መብራቷን እየዳበሰች ራዲያተሯ ጋ ደረሰችና እጇን አሳረፈች።

"ሌላውን ይውሰድ" አለችኝ። "ይቺን ይተዋት። የልጄ ምሳ አለባት።"

ቁራሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ምን ይገባዋል። ግን ክዳኑን ከመሬት አነሳ፤ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ ገጠመው። እስኪጠብቅ ድረስ አዞረው።