አክስቴ አውሮፓን እንዳየችው

ባለፈው ሰመር ከአዲስ አበባ የመጡትን የባለቤቴን ዘመዶች ይዤ ዴንሃግ ሄጄ ነበር። ስኽቬኒንገን ባሕር ዳርቻ ከትራም እንደወረድን ከዓሣ መጥበሻዎቹ የሚመጣው የዘይት ሽታ ከጨዋማው ነፋስ ጋር ተደባልቆ ፊቴን ሲመታኝ ባለሁበት ቆም አልኩ። ደክሞኝ ነበር። በየዓመቱ ሙቀት ሲገባ አንድ ሰው ይመጣል፤ የመጣውም ሁሉ ምን እንይ፣ የቱ ይሻላል፣ የት ፎቶ እንነሳ ይለኛል፤ እኔም የንፋስ ወፍጮውን፣ የአይብ ገበያውን፣ የሮተርዳምን ትልቅ ድልድይ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ እደረድርለታለሁ። ያን ቀን እንግዶቼ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ውሃው ሲሮጡ የእኔ ዓይን ቀድሞ የፈለገው ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር ነበር። ይህን ጠባይ የወረስኩት ከአክስቴ ከእትዬ ዘሀራ ነው። እሷንም ያገኘኋት እዚሁ ባሕር ዳርቻ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው።

እትዬ ዘሀራ የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። እናቴ ገና ደሴ ተማሪ ሳለች እሷ ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ገባች። እናቴ አግብታ ወደ ሆላንድ መጣች፣ እኔ ተወለድኩ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ግን አንዷ የሌላዋን ድምፅ በስልክ እየሰሙ እያረጁ ሄዱ። ያን ሰመር እትዬ ዘሀራ የምትሠራበት ቤተሰብ አውሮፓን ሊጎበኝ ሲነሳ ልጆቹን የምትይዘው እሷ ስለሆነች አብራ ተጫነች፤ ፓሪስ፣ ጄኔቭ፣ ለንደን፣ መጨረሻ ላይ ዴንሃግ። እመቤቲቱ የአንድ ቀን ፈቃድ ሰጠቻት። ጠዋት ወጥታ ሳይመሽ እንድትመለስ፤ ፓስፖርቷም እመቤቲቱ ዘንድ እንዲቆይ።

ስልኩ የተደወለ ዕለት እናቴ አምስተርዳም ኒው ዌስት ሰፈር ያለውን ጠባቡን ቤታችንን ከጥግ እስከ ጥግ አጠበችው። ለእኔም አደራ ሰጠችኝ፤ አክስትሽ ያላት አንድ ቀን ነው፣ ምን እንደምታሳዪያት አስቢበት አለችኝ። እኔ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ተሰጥቶኝ ስለማያውቅ ምሽቱን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ ከተማውን እንደ አዲስ አጠናሁት፤ በቦዮቹ ላይ የሚዞረው ጀልባ፣ የአበባ ገበያው፣ ሙዚየሞቹ ያሉበት አደባባይ፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ የንፋስ ወፍጮዎቹ። ያልገባኝ ነገር ቢኖር እናቴ በዚያው ሳምንት ከእኔ አልጋ ትይዩ ሌላ አልጋ ማስገባቷ ነበር። ውላ ለምትሄድ እንግዳ አልጋ ምን ይሠራል ብዬ አባቴን ስጠይቀው፣ እናትሽን ጠይቂያት ብሎኝ ጃኬቱን አንስቶ ወደ ሥራው ሄደ።

ስኽቬኒንገን ባረፉበት ሆቴል በር ላይ ጥቁር አባያ የለበሰች ቀጭን ሴት ቆማለች፤ አንዲት ትንሽ ልጅ እግሯ ላይ ተጠምጥማ በአረብኛ ታለቅሳለች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አንሾካሾከችላት፣ የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀች፣ ቀና ስትል እናቴን አየቻት። እኔ የጠበቅኩት ጩኸትና ለቅሶ ነበር፤ እነሱ ግን ተቃቅፈው ዝም ብለው ቆሙ። አንድ ትራም መጥቶ ሄደ፣ ሌላውም መጥቶ ሄደ፣ እነሱ አልተላቀቁም። በኋላ እኔ እንደለመድኩት እንዴት ነሽ ስላት እናቴ አንቱ አላልሽም ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ። አክስቴ ሳቀች፤ ያሳደግኳቸው ልጆች ከዚህ የባሰ ነው የሚሉኝ፣ ተያት አለች።

ባቡር ውስጥ ያው አስጎብኚ ነኝና እስካሁን ካየሻቸው የቱን ወደድሽ ብዬ ጠየቅኳት። ጥያቄውን በቁም ነገር ያዘችው። የፓሪሱ የብረት ማማ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጥላ የለውም፣ ሕፃን ይዞ አይኬድበትም፤ አንድ መናፈሻ ግን አለ፣ ውሃው ዳር የብረት ወንበሮች ተደርድረውበታል፣ ቁጭ ብትይ ተነሺ የሚልሽ የለም። ጄኔቭ ሐይቁ ደህና ነው፣ ዳክዬዎቹ ልጆቹን ያጫውቱልሻል። ለንደን የጥንት አውሬ አጥንት የተሰቀለበት ሙዚየም መጸዳጃው ንጹሕ ነው። የሥዕል ሙዚየሞቹንስ አላየሽም ስላት፣ እዚያ የልጅ ጋሪ ስለማያስገቡ ውጭ ሆና እንደጠበቀች ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ምንም ቅሬታ አልነበረም፤ ነገ እኔም እንደምሄድና እንደሚጠቅመኝ አስባ ነበር የምትነግረኝ።

አምስተርዳም ደርሰን ጀልባው ላይ ወጣን። እናቴና አክስቴ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ እኔ ከፊታቸው ሆኜ በቀኝ በኩል እዩ፣ በግራ በኩል እዩ ለማለት ተዘጋጀሁ። የመጀመሪያውን ድልድይ እንዳለፍን የእትዬ ዘሀራ ጭንቅላት ዘንበል አለና እናቴ ትከሻ ላይ አረፈ። ተኛች። ጀልባው ላይ የተሰጣት ማዳመጫ ከጆሮዋ ወልቆ ደረቷ ላይ የድሮ ነጋዴዎችን ቤት ታሪክ ለራሱ ያወራል። ስንት የደከምኩበት ነገር በእንቅልፍ ሲያልፍ እያየሁ አላስችል ብሎኝ ልቀሰቅሳት እጄን ስዘረጋ እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ። ጀልባው ዞሮ ከተነሳበት ቦታ ሲቆም ሰው ሁሉ ወረደ፣ እናቴ ግን ንቅንቅ አላለችም። ቦርሳዋን በነፃ እጇ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና ቀስ ብላ፣

«ሂጂ፣ እንደገና ትኬት ቁረጪ» አለችኝ።

እንደገና ዞርን። ያንኑ ድልድይ፣ ያንኑ ጠማማ ቤት፣ ያንኑ ብስክሌት የተደገፈበትን ብረት ለሁለተኛ ጊዜ አለፍናቸው። እናቴ ትከሻዋ ደንዝዞ ፊቷ ቢቋጠርም አልተንቀሳቀሰችም። የአበባ ገበያውም ሙዚየሙም በዚያው ቀሩ።

ቤት ስንደርስ አባቴ ዛንዳም ካለው መጋዘን ተመልሶ ነበር፤ እዚያ የካካዎ ፋብሪካ ስላለ ልብሱ ሁልጊዜ ካካዎ ካካዎ ይሸታል። ከተበላ በኋላ እናቴ እህቷን እጇን ይዛ ወደ ክፍሌ አስገባቻትና አዲሱን አልጋ አሳየቻት።

«እትዬ፣ ይሄ ያንቺ ነው። አትመለሺ።»

እትዬ ዘሀራ ፍራሹን በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችውና ተቀመጠችበት። ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመው አባቴ ዞራ፣ አንተ ስትመጣ እንዴት አደረግከው ወንድሜ አለችው። አባቴ ስለዚያ ዘመን አውርቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ሳይደብቅ ነገራት፤ ሰሜን በኩል በአንዲት መንደር ጥግ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ወረቀት እየጠበቀ የቆየባቸውን ዓመታት፣ መሥራት ክልክል እንደነበር፣ የፖስተኛውን ብስክሌት ከሩቅ በድምፁ መለየት እንደጀመረ።

«ክፉ የሚያደርግዎ የለም፤ ምግብም አለ» አላት። «ግን ይጠብቃሉ።»

እናቴ በዓይኗ ልትበላው ደረሰች። እትዬ ዘሀራ ራሷን ነቀነቀች።

«ሥራውን እችለዋለሁ» አለች። «ከእንግዲህ መጠበቅ ነው የማልችለው። ደሴ ቤቴን ጀምሬያለሁ፤ ትንሽ ሠርቼ አገሬ እገባለሁ። አንቺ ትመጪና እዚያ እንተኛለን። አብሽሪ።»

እናቴ ለመነቻት፣ ተቆጣች፣ መጨረሻ ላይ ፊቷን ታጥባ መጣችና ነጠላዋን አነሳች። ስኽቬኒንገን ድረስ አብራን ሄደች፣ ከትራም ማቆሚያው ግን አላልፍም አለች። በሩ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። አክስቴ ከመግባቷ በፊት ጉንጬን ይዛ፣ አገር ማየት ከፈለግሽ የማንንም ልጅ ሳትይዢ ሂጂ፣ ቁጭ ብለሽ እዪ አለችኝ። ትንሿ ልጅ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለች፣ እሷም አቅፋት ገባች።

እትዬ ዘሀራ እንዳለችው አደረገች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደሴ ገባች፣ ቤቷም አለቀ። እናቴ በሚመጣው ዓመት እሄዳለሁ ትላለች፤ አንዴ የእኔ ትምህርት ይሆናል፣ አንዴ የአባቴ ወገብ፣ አንዴ የአሠሪዎቿ ፈቃድ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው «በሚመጣው ዓመት» ላይ ሞቷ ተሰማ። እናቴ ደሴ የሄደችው ያን ጊዜ ነው፤ በሌለችው እህቷ ቤት ሰንብታ ስትመለስ ስለ ቤቱ ግድግዳ ቀለም ብቻ ነበር የምታወራው።

አንድ ቀን ዕቃ እያጠብን፣ ያን ቀን ብንቀሰቅሳት ኖሮ ስንት ነገር ታወሩ ነበር አልኳት። እኔ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነበር። እናቴ ያጠበችውን ሳህን አቀበለችኝ።

«ልጅ ሆኜ ያዘለችኝ እሷ ናት» አለች። «ገበያ ስትሄድ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ እኔ ጀርባዋ ላይ ነበር የምተኛው። ተራው ለኔ የደረሰኝ ያን ቀን ብቻ ነው።»