አጎቴ ሊሸመግሉ የመጡ ዕለት

የያዙኝ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ መግቢያ ላይ፣ ጠዋት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የፖሊስ ዱላ በቃን እያልን የምንሰለፍበት ጊዜ ነበር። እኔ መፈክር ይዤ ቆሜ ነበር፣ ሌላ ምንም። አንዱ ፖሊስ "ገፋችኝ" አለ፤ በቃ፣ አለቀ። ጣቢያ ወስደው ቆለፉብኝ። ክፍሏ አዲስ ቀለም ትሸታለች፣ አግዳሚው ብረት ነው፣ የማቀዝቀዣው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል።

ያንገበገበኝ ግን ብርዱ አልነበረም። የሕግ ተማሪ ነበርኩ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በክረምት የዓለም አቀፍ ሰብአዊ መብት ሕግ ያስተምራል፤ ከፍዬ መማር ስለማልችል ሚልጋ፣ የነጻ ትምህርት ዕድል ማለት ነው፣ ጠይቄ እስከ መጨረሻው ዙር ደርሼ ነበር። የቀረኝ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው፤ እሱም በስልክ፣ የዚያኑ ዕለት። ስልኬ ደግሞ መርማሪው መሳቢያ ውስጥ! ስለ እስረኛ መብት ልማር ስል ታሰርኩላችሁ። እንዲህ ያለውን ዕጣ ለጠላትም አይስጥ።

"ስልክ ይደወልልኛል፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ" ብዬ ለመንኩት።

"'ገፍቼዋለሁ፣ ይቅርታ' በይና አሁኑኑ ሂጂ" አለኝ መርማሪው።

"አልገፋሁትም።"

"እንግዲያው ቁጭ በይ።"

ቀትር አለፍ እንዳለ ምርመራ ክፍል አስጠራኝ። ስገባ አጎቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከኢትዮጵያ ከመጡ ጀምሮ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ዕብራይስጣቸው ግን ከሰላምታ ብዙ አያልፍም። መታሰሬን ሲሰሙ እንደ አገራቸው ወግ ሊሸመግሉ መጡ። ሽማግሌ ደግሞ ማን ገፋ፣ ማን ተገፋ ብሎ አይጀምርም። አስቀድሞ የራሱን ልጅ ጥፋተኛ አድርጎ ይለምናል፤ ያኛውም ወገን ያፍርና ነገሩ ይበርዳል። ጎንደር ይህ ይሠራል። መርማሪ ግን የሚያፍር ፍጥረት አይደለም!

አጎቴ ብድግ ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። "ጌታዬ፣ አጥፍታለች! ልጅ ናት፤ ለሽበቴ ሲሉ ይማሩልኝ።"

ደሜ ፈላ። "አባባ፣ ይነሡ! ምንም አላጠፋሁም።"

"ዝም በይ አንቺ! ሽማግሌ እየለመነ ልጅ ይመልሳል?"

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። "ምንድን ነው የሚለው?"

አስተርጓሚ አልነበረም፤ እኔው ነኝ። ይህን ጊዜ መሳቢያው ውስጥ ስልኬ መጮኽ ጀመረ።

ያሉትን ብተረጉም በገዛ አጎቴ አፍ በራሴ ላይ መፍረዴ ነው። ብዋሽስ? "ጨዋ ልጅ ናት ይላሉ" ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ሽበታቸውን አስይዘው በለመኑ ሽማግሌ ላይ ያላሉትን አሉ ልበል? አልሆነልኝም። እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸውና ቆምኩ።

"አጥፍታለች፣ ይቅር በሏት ይላሉ" አልኩት። "እኛ ዘንድ ሽማግሌ ጥፋት ባይኖርም እንዲህ ብሎ ነው የሚለምነው። እኔ ግን አልገፋሁም፤ ይቅርታም አልጠይቅም። ሁለቱንም ጻፍ።"

ጻፈ። ስልኩም ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

በማግስቱ ማስረጃ የለም ብለው ያለ ክስ ለቀቁኝ። ገና ከበሩ ሳልርቅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ደወልኩ። "እናዝናለን፣ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል" አለችኝ አንዲት ሴት፣ በጣም በትሕትና። መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። በመርማሪው ተናድጄ ነበር፤ በአጎቴ ደግሞ ይብስ።

ዛሬ ጠበቃ ነኝ። ያንን ትምህርት ግን ሳልማረው ቀረሁ፤ ማስታወቂያውን ባየሁ ቁጥር አሁንም ያበግነኛል። አጎቴ አርጅተዋል። ሰርግ ላይ ከተገናኘን ትከሻዬን ይዘው ለተቀመጠው ሁሉ ያወራሉ፦ "ይቺን ልጅ ለምኜ ያስፈታኋት እኔ ነኝ! አይደለም እንዴ፣ ልጄ?"

ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። ለክብራቸው ብድግ እላለሁ፣ ጋቢያቸውን አስተካክልላቸዋለሁ፣ የሚበሉትን አቀርብላቸዋለሁ። "አዎ" ብዬ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።