ጉንቮር የመረጠችው ማጠንጠኛ

ጉንቮር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዓሣ ማጥመጃ ስትፈትሽ ኖራ አንድ ቀን እንኳ ዓሣ አጥምዳ አታውቅም ነበር። በደቡብ ስዊድን፣ በወንዙ ዳር ባለው መንደራቸው ውስጥ የቆመው ፋብሪካ በማጥመጃ ዘንግ ላይ የሚታሰረውን የክር ማጠንጠኛ ይሠራል። ጭብጥ የሚሞላ፣ ውስጡ ክር የሚጠመጠምባት በከራ፣ በቀኝ ጎኑ ማዞሪያ ያለው ዕቃ ነው። አጥማጁ ዘንጉን ሲወነጭፍ በከራዋ እየተሽከረከረች ክሩን ትለቃለች፤ እሱም በአውራ ጣቱ ዳሰስ እያደረገ ይገራታል። ጣቱ ለአፍታ ከዘገየ በከራዋ ክሩን ትቀድመውና ሁሉም የወፍ ጎጆ መስሎ ይተበተባል።

የጉንቮር ድርሻ የመጨረሻው ፍተሻ ነበር። ማጠንጠኛውን አንሥታ በከራዋን በጣቷ ታሾራትና ጆሮዋን አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና በልቧ ትቆጥራለች። ሃያ ሳትሞላ የቆመች በከራ ወደ ሠሪዋ ትመለሳለች።

እዚያ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ሰው ከመደርደሪያው አንድ ማጠንጠኛ መርጦ፣ ስሙን አስቀርጾ ይወስዳል። አብዛኛው ሰው በወርቅ የተለበጠውን ወስዶ ሳሎኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የጡረታ ተራዋ ሲደርስ ጉንቮር ግን የምትመርጠው ለታላቅ ወንድሟ ለሲክስተን ነበር።

ሲክስተን በሸምበቆ ውስጥ የሚያደባውን ጥርሳም ዓሣ፣ ፓይክን፣ በማጥመድ ያረጀ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የእንጨት መሰንጠቂያው መጋዝ የቀኝ አውራ ጣቱን ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ዘንጎቹን ጣራ ሥር ሰቅሎ፣ ደጃፉ ያለውን ሐይቅ ላለማየት ወንበሩን እንኳ ከመስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ጣት የማይፈልገውን፣ ልጆች የሚለማመዱበትን ቀላሉን ዓይነት ላምጣልህ ብትለው፣ በዚያ የሚጠመደው ፓይክ ገና አልተፈለፈለም ብሎ አሾፈባት።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ቶርድ ነገሩን ሲሰማ በትእዛዝ ብቻ የሚሠራውን፣ ማዞሪያው በግራ የሆነውን አወጣላት።

«እትዬ ጉንቮር፣ ቀኙ ለተጎዳ ሰው ከዚህ ሌላ ምን አለ?» አላት።

እውነት መሰላት። ስሙን ለማስቀረጽ ልትሄድ ስትል፣ ልማድ ነውና መጀመሪያ ወደ ጠረጴዛዋ ይዛው ሄደች። በግራ እጇ አነሣችው፤ የግራ አውራ ጣቷም በከራዋ ላይ አረፈ። ቀኝ እጇ ማዞሪያውን ቢፈልግ አጣው። ጉንቮር የገዛ እጆቿን አየች። ይህን ሁሉ ዘመን በግራ ይዛ፣ በግራ አውራ ጣቷ ገርታ፣ በቀኟ ስታዞር ኖራለች። ሲክስተን የጎደለው የቀኝ አውራ ጣቱ ነው፤ ይህን ቢወስድ ግን ዘንጉን ይዞ በከራዋን የሚገራው ያው ቀኙ ሊሆን ነው።

«አንተ ልጅ፣ ልታስተኝ ነበር» አለችው ቶርድን። «የሚያስፈልገው ማዞሪያው በቀኝ የሆነው ተራው ነው።»

«ሰው የሚወረውረው በቀኙ አይደል እንዴ?»

«በግራው ይማራላ።»

ከተራዎቹ ዐሥራ አንዱን እያነሣች አደመጠች። ከሁሉ የፈጠነውን ተወችው፤ ለተማሪ ምሕረት የለውም። የመረጠችው ከበድ ያለ፣ ድምፁ ወፈር ያለ፣ ማዞሪያው አራት ጣት የሚጨብጠው ሰፊ የእንጨት እጀታ ያለው ነበር። በከራዋ እንዳትፈጥንም ፍሬኗን በገዛ እጇ ጠበቅ አደረገችው።

በግንቦት፣ ሸምበቆው ሲያቆጠቁጥ፣ ወንድሟን ጎትታ ሐይቁ ዳር አወረደችው።

«በጡረታሽ ልትቀልጂብኝ ነው፣ እቴ?» አላት፤ ዘንጉን ግን በግራው ተቀበላት።

የመጀመሪያው ውርወራ የወፍ ጎጆ ሆነ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በጥፍሩ ፈታው። በሁለተኛው በክሩ ጫፍ ያለው፣ ዓሣ የሚያታልለው የብረት ማባበያ ጫማው ሥር ወደቀ፤ እንቁራሪት ልናጠምድ መጥተናል እንዴ አለ። ጉንቮር አሁን ቢተወው ዳግመኛ እንደማይነካው ታውቅ ነበር።

በሦስተኛው በከራዋ ዘመረች።

ጉንቮር ሳታስበው ዓይኗን ጨፍና መቁጠር ጀመረች። ሦስት ስትል ቁጥሩ ጠፋት። ድምፁ ያው የጠረጴዛዋ ድምፅ ነበር፤ እዚያ ግን ባዶ በከራ ነበረች። እዚህ ክሩን ተሸክማ፣ ከውሃው በላይ አርቃ ትለቀዋለች። ዓይኗን ስትገልጥ ማባበያው ፀሐይ ላይ ብልጭ ብሎ ከሸምበቆው አፍ ዘንድ ወደቀ። ሲክስተን ማጠንጠን ሲጀምር ውሃው ከሥር አበጠ፤ እንደ ግንድ የረዘመ፣ አረንጓዴ ጀርባ ተገለበጠና ዘንጉ ተቆለመመ።

ዓሣው ሲጎትት በግራ አውራ ጣቱ እየያዘ፣ ሲደክም በአራት ጣቱ እያጠነጠነ ወደ ዳር አመጣው። ጉንቮር ተንበርክካ ወርቃማ ዓይኑንና የመንጋጋውን ጥርስ አየች። ሲክስተን መንጠቆውን ፈልቅቆ ለቀቀው። ዓሣው ጥቂት ቆሞ፣ ከዚያ ወደ ጥልቁ ሰመጠ።

«ከዚህ ዕቃ ስንቱ ነው በጆሮሽ ያለፈው?» አላት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

አላውቅም አለችው። እያንዳንዱ እንደዚህ በአንድ ውሃ ላይ እንደሚዘምር እስከዚያች ቀን አስባው አታውቅም ነበር።

ሲክስተን ዘንጉን ዘረጋላት። እሷም በግራዋ ተቀበለችው፤ አውራ ጣቷ ማንም ሳያሳየው በከራዋ ላይ አረፈ።