የቆረጥኩት አርባ ሰከንድ

ስለ ሥራዬ ከመናገሬ በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ድሬዳዋ ውስጥ ቪዲዮ የሚወድ ሰው ሁሉ ተፈራን ያውቃል። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የካሴት ማጫወቻ ዴክ መጠገን፣ ኮምፒውተር፣ ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል፣ ቻናል ማስተዳደር፣ ይህን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ልጆች ሲያቅታቸው ዕቃቸውን ታቅፈው እኔ ጋ ይመጣሉ። ጉራ ነው የሚል ካለ ይምጣ፤ መጋላ ገበያ ያለው ሱቄ ዛሬም ክፍት ነው።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ ቪዲዮ ቤት ካሴት አጠንጣኝ ሆኜ ነው። ከእኔ በላይ ትኬት ቆራጩ አለ፤ ከእሱ በላይ ኦፕሬተሩ፤ ከሁሉም በላይ ባለቤቱ አያ ሷሊህ። በመጀመሪያው ቀን ፊልሙ መሀል ላይ ምስሉ ተበላሽቶ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ኦፕሬተሩ ለምሳ ወጥቷል። ቤቱ በፉጨት ተናወጠ። ጠዋት እሱ ሲያደርግ ያየሁትን አስታውሼ ዴኩን ከፈትኩ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ምስሉ ተመለሰ።

"ማን አስተማረህ?" አለኝ አያ ሷሊህ።

"ዓይኔ።"

"እንግዲያው ዓይንህ ከነገ ጀምሮ ኦፕሬተሩ አጠገብ ይቀመጥ።"

በዚያው ቀን ግን ተቆጥቶኛል። ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሰው መውጣት ሲጀምር ካሴቱን አቁሜ ማጠንጠን ጀመርኩ። "አቦ! አንድ ሰው እንኳ ተቀምጦ እያየ ከሆነ እስከ መጨረሻው ይሂድ!" ብሎ ጮኸብኝ። እውነት ለመናገር፣ ምክሩን የሰማሁት ለዚያ ቀን ብቻ ነበር።

ካሴት ቀረ፣ ሲዲ መጣ፤ ሲዲ ቀረ፣ ሚሞሪ መጣ። እኔ አልቀረሁም። የራሴን ሱቅ ከፍቼ በሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ቪዲዮ መጫን ያዝኩ። እሁድ እሁድ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች፣ በሌላው ቀን የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ይሰለፋሉ። መንዙማም መዝሙርም እጭናለሁ። ስሜን ያስጠራው ግን "ጉድ" የሚል ስም የሰጠሁት ፎልደር ነው። መኪና በጥርሱ የሚጎትት ሰው፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ የተኛ ፍየል፣ ባለቤቱ ሲሰግድ አጠገቡ የሚቀመጥ ድመት። ከዓለም ዳርቻ ለቅሜ አመጣለሁ። "ጋሽ ተፈራ፣ የሳምንቱን ጉድ ጫንልኝ" ሳይል የሚሄድ ደንበኛ አልነበረም። ኋላ ኢንተርኔት ላይ ቻናል ስከፍት ደግሞ ከሐረርም ከጅጅጋም ሰው ገባ።

የዚህ ሥራ ችሎታ ሦስት ነው። መምረጥ፣ ርዕስ መስጠት፣ ጭራ መቁረጥ። ጭራ የምለው የቪዲዮውን መጨረሻ ነው። ሳቁ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ነገር ሚሞሪ ይበላል፣ ሰውንም ያሰለቻል። ስለዚህ እቆርጠዋለሁ። ዋናውን ግን ሃርድ ዲስኬ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ምንም ነገር ጥዬ አላውቅም። ከዚያ ጥግ ላይ "ከተፈራ ቤት" የሚል ጽሑፍ አትምበታለሁ። ሰው ሥራዬን በማኅተሜ እንዲያውቀው ፈልጌ ነው። አወቀውም።

አንድ ቀን ሙባረክ የሚባል ባለባጃጅ ስልኩን እያወዛወዘ ገባ። "ጋሽ ተፈራ፣ ዛሬስ የአገር ውስጥ ጉድ ይዤልሃለሁ! ወላሂ ትስቃለህ።"

ቦታው ከዚራ ሰፈር ነው፣ ከዛፎቹ ሥር። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ኮፊያ ያደረገ ሽማግሌ ይንገዳገዳል። ዛፉን ያቅፋል። ጫማውን አውልቆ ጆሮው ላይ እንደ ስልክ ይለጥፋል። ጀለቢያው በላብ ርሷል፤ ግን በድሬ ሙቀት የሰው ላብ ማን ያስተውላል? የሌላ ደንበኛ ዘፈን እየጫንኩ ስለነበር ድምፁን አልከፈትኩትም። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ሮጣ መጥታ አንገቱን ደግፋ የሆነ ነገር ታጠጣዋለች። አየሁት። ይህማ አያስቅም ብዬ ከዚያ ጀምሮ ያለውን ቆረጥኩት። አርባ ሰከንድ ነው። ርዕሱን "ሰካራሙ ሐጂ" አልኩት። ማኅተሜን አተምኩ፣ ለቀቅኩት።

ከሠራኋቸው ሁሉ እንደዚያ የተስፋፋ የለም። ሻይ ቤት ስገባ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ይስቃል፤ ጥግ ላይ ስሜ ይታያል። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

በሳምንቱ አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣት ሱቁ በር ላይ ቆመች።

"ጋሽ ተፈራ እርስዎ ነዎት?"

የድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ነው የሚለው። ንቀት የለበትም፣ ቤተሰብነት ነው። "እርስዎ" ስትለኝ ከሌላ ከተማ የመጣች መሰለኝ።

"እኔው ነኝ። የሳምንቱን ጉድ ልጫንልሽ?"

"ደርሶኛል" አለችና ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። "ርዕሱን የሰጡት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።" አላፈርኩም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል።

"አባቴ ነው" አለች። "ሐጂ ዩሱፍ። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። የስኳር በሽተኛ ነው። ያን ቀን መርፌውን ተወግቶ ምግብ ሳይቀምስ ወጣ፣ ስኳሩ ወረደበት።"

ስሟ ፋጡማ ነው። ሐጂ ዩሱፍን በስም አውቀዋለሁ፤ መጋላ ውስጥ የተጣላ ነጋዴ፣ የተፋታ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ቪዲዮው ከወጣ ወዲህ ለሽምግልና የጠራው የለም። ለጁምዓም አልወጣ ብሏል። ከዚህ ሁሉ የባሰውን መጨረሻ ነገረችኝ።

"መርፌውን ካቆመ ስድስት ቀኑ ነው። እንደገና መንገድ ላይ ወድቄ መሳቂያ ከምሆን ቤቴ ልሙት ይላል። ሐኪሙ ጊዜ የለንም ብሎናል።"

"አሁኑኑ አጠፋዋለሁ!" ብዬ ከቻናሉ ላይ ሳጠፋ አንድ ሹፌር ሚሞሪውን ይዞ ገባ። "ጋሽ ተፈራ፣ ያ ሰካራሙ ሐጂ አለ?"

ፋጡማ ዞራ አየችኝ። ሱቁን ዘጋሁ፤ ላፕቶፔንና ሃርድ ዲስኬን ይዤ ተከተልኳት።

ሐጂ ዩሱፍ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሏል። ከንፈሩ ደርቋል፣ አጠገቡ የውኃ ጆግ አለ፤ ቶሎ ቶሎ ይጠጣል። በሩ ላይ ስቆም ቀና አለ።

"አቦ ግባ! ሙቀቱን አታስገባብኝ። ርዕስ ሰጪው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ ሐጂ። ይቅርታ..."

"ቆይ። ይቅርታው ይደርሳል። እኔ ያንን ነገር አላየሁትም። መጀመሪያ አሳየኝ።"

ዋናውን፣ ያልተቆረጠውን ከፈትኩለት። ድምፁን ስከፍት የመጀመሪያዬ ነበር። ሽማግሌው ራሱን ዛፍ ሲያቅፍ አየ፤ ፊቱ አልተለወጠም። ከዚያ ሴትዮዋ መጣች። ጩኸቷ ክፍሉን ሞላው።

"ምን ያስቃችኋል? አልሰከረም! ስኳር ነው! ስኳር በጥብጡልኝ!"

"መልሰው" አለ ሐጂ። መለስኩት። "አሁንም መልሰው።" ሦስት ጊዜ ሰማን።

"ይቺ ማናት?" አለ።

"አስቴር ናት" አለች ፋጡማ። "የባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ሻይ የምትሸጠው።"

ሐጂ ዩሱፍ ጆጉን አንሥቶ ጠጣ፣ መልሶ አስቀመጠው። "የማታውቀኝ ሴት በሰው ሁሉ ፊት ቆማ መሰከረችልኝ" አለ በመጨረሻ። "አንተ ምስክሬን ቆረጥክብኝ።"

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ተሰድቤያለሁ። እንደዚህ የሚከብድ ቃል ግን ሰምቼ አላውቅም፤ እሱም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"ሐጂ፣ የፈለግኸውን አደርጋለሁ። መርፌውን ግን አሁን ተወጋ።"

"እኔ ስፈርድ የበደለ ሰው የተበደለው ጆሮ ላይ ብቻ አይናዘዝም። ወሬውን የሰማው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። የቆረጥከውን ቀጥል። ከፊቱ አንተ ተቀመጥና ማን እንደቆረጠው ተናገር። ከዚያ መርፌው ይመጣል።"

በዚህ ሁሉ ዘመን ፊቴን ቪዲዮ ላይ አውጥቼ አላውቅም፤ ማኅተሜ ይበቃኝ ነበር። ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ፣ ፋጡማ ስልኬን ያዘች። በመጀመሪያው ቀረጻ ስንት ዓመት እንደሠራሁ፣ ስንት ሰው እንደሚያውቀኝ ተናገርኩ።

"ይሄ የአንተ ታሪክ ነው" አለ ሐጂ ከፍራሹ። "የእኔ የታለ?"

በሁለተኛው ጥፋቱን ለሙባረክ ላካፍለው ሞከርኩ። ፋጡማ ስልኩን ዝቅ አደረገችው። በሦስተኛው እንዲህ አልኩ፦ "ተፈራ ነኝ። ይህ ሰው አልሰከረም፣ ታሟል። እውነቱ መጨረሻው ላይ ነበር፤ እኔ ቆረጥኩት። የውሸቱን ርዕስም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቀሪውን እዩ።" ከዚያ አርባውን ሰከንድ ከነጩኸቱ ቀጠልኩበት። እዚያው ለቀቅኩት። ሐጂ በልጁ ስልክ ላይ እስኪደርሰው ጠበቀ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየው።

"ፋጡማ፣ መርፌውን አምጪ። ግን መጀመሪያ ምግብ። ያለ ምግብ ከእንግዲህ አይሆንም።"

በልቶ ሲወጋ እኔ ውጭ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። ሳለቅስ ማንም አላየኝም።

የተቆረጠው ቪዲዮ ከዓለም አልጠፋም። ከወራት በኋላ አንድ ሹፌር ጅቡቲ ውስጥ ተልኮልኝ ነው ብሎ አሳይቶኛል፤ ማኅተሜ እንዳለ ነው። ሐጂ ዩሱፍም ገበያ ላይ "ሰካራሙ" ብሎ የጠራው ሰው አላጣም። "መጨረሻውን አላየህም" ይለዋል ሐጂ። "ተፈራ ጋ ሂድ፣ በነፃ ይጭንልሃል።" ብዙዎችን ልኮብኛል።

ዛሬ ድምፁን ከፍቼ እስከ መጨረሻው ሳላይ ለማንም ቪዲዮ ርዕስ አልሰጥም። ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው። ለመማር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያደረግኩትን ልዘርዝርና ላብቃ።

ማንም ሳያስተምረኝ ከካሴት እስከ ቻናል ደርሻለሁ።

የተበላሸ ሚሞሪ አስነሥቼ የሙሽሮች የሠርግ ቪዲዮ አድኛለሁ፤ ሌሎች አይሆንም ያሉትን።

እጄ ከገባ ስልክ ሁሉ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ "ሰካራሙ ሐጂ"ን አውጥቼ ሙሉውን ተክቻለሁ። ዛሬም እተካለሁ።

አስቴርንና ሐጂ ዩሱፍን አገናኝቻለሁ። አሁን የጠዋት ሻዩን እሷ ጋ ነው የሚጠጣው፤ ያለ ስኳር፣ ኪሱ ውስጥ ግን ከረሜላ አለ።

ሐጂ ለጁምዓ በእግሩ ሲሄድ ከሱቄ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። አልቀረጽኩትም።

ባለፈው ሳምንት ፋጡማ ሚሞሪዋን ይዛ መጣች። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና "አንተ ሽማግሌ፣ ጉድ የለህም እንዴ ዛሬ?" አለችኝ።